ከቅሬ እስከ ዓረቦን፤ የሞተር ብስክሌት መድን በመካነ ሰላም ደጋ

ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርድና የአቀስታን ሜዳ አቋርጦ መካነ ሰላም የሚዘልቀው መንገድ የደጋ መንገድ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ሲኬድ ግን ደጋው ይቆረጥና ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ አገር ሰውና ዕቃ ለብዙ ዘመን የተጓዙት በበቅሎና በአህያ ጀርባ ሲሆን፣ መኪና የማይደርስበትን ቀበሌ ከወረዳው ከተማ ጋር በማገናኘት ረገድ የበቅሎን ቦታ ለመውሰድ የበቃው ሞተር ብስክሌት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱ የሚለያዩበት ጉዳይ ግን አለ። በቅሎ ገደል ብትገባ ጉዳቱ በአብዛኛው የባለቤቷ ነው፤ ሞተር ብስክሌት ሰው ሲገጭ ግን የተጎጂው ቤት፣ የነጂው ቤትና የባለንብረቱ ቤት በአንድ ቀን ይናጋሉ። ይህን ጉዳት ማን ሲከፍል እንደ ኖረ መመርመር፣ ዛሬ ባለንብረቱ የመድን ወጪውን በምን መንገድ ሊያቀል እንደሚችል ለመረዳት ይጠቅማል።

ጉዳትን ተካፍሎ የመሸከም አሳብ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር በወሎ ቅሬ ይባላል፤ ሰው ሲሞት ቀብሩን ያስፈጽማል፣ ሐዘንተኛውንም ይደግፋል። የገበሬ በሬ እግሩ ሲሰበር ታርዶ ሥጋው ለጎረቤት ይደለደልና ገንዘቡ ለባለበሬው ይሰጣል፤ ይህም ምትክ በሬ ለመግዛት መነሻ ይሆነዋል። ነፍስ የጠፋ እንደ ሆነም በወሎ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች በመካከል ገብተው፣ በዳይ ጥፋቱን አምኖ ካሣ እንዲከፍል፣ ተበዳይም ቂሙን እንዲተው ያደርጋሉ። የእነዚህ ሥርዓቶች መሠረቱ አደጋው ከደረሰ በኋላ መረዳዳት ነው። የዘመናዊው መድን መሠረት ግን አደጋው ከመድረሱ በፊት መክፈል ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ኋላ የሚያመጣው ችግር ቀላል አይደለም።

በኢትዮጵያ የመድን ሥራ የተጀመረው በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ መድን መሸጥ በያዘ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው አገር በቀል የመድን ኩባንያ እስኪቋቋም፣ ማለትም እስከ እ.ኤ.አ. 1951 ድረስ፣ ሥራው በውጭ ኩባንያዎች ወኪሎች እጅ ቆይቷል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. አሥራ ሦስት የመድን ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱና በምትካቸው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተመሠረተ። በአዋጅ ቁጥር 86/1986 መስኩ ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ሲከፈት አዋሽ፣ አፍሪካ፣ ኒያላና ሌሎችም ኩባንያዎች ተከታትለው ተቋቋሙ። ይህ ሁሉ ታሪክ የወደብ፣ የመጋዘንና የአውቶሞቢል ታሪክ ነው፤ ሞተር ብስክሌት በውስጡ የሚታየው በኅዳግ ብቻ ነው።

ለዚህም ምክንያት አለው። በገጠር ሞተር ብስክሌት ለረጅም ጊዜ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነበር። የግብርናና የጤና ሠራተኞች ይነዱት የነበረው ያማሃ ኤጂ 100 ሁለቱ ፊደሎች እንደሚያመለክቱት ለእርሻ ሥራ የተሠራ ነው፤ ሰንሰለቱ ከአቧራና ከጭቃ በሽፋን ተከልሎ፣ ከፊትና ከኋላ የዕቃ መጫኛ ተደርጎለት፣ ማቆሚያው በግራም በቀኝም ስለሚገኝ ተዳፋት ላይ ሳይወድቅ ይቆማል። የመድኑ ጉዳይ የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የነጂው ራስ ምታት አልነበረም። ከሕንድ የሚመጡት ቦክሰርንና አፓቼን የመሰሉ ሞተሮች ሲበዙ ግን ነጋዴውና ሥራ የፈታው ወጣት ባለንብረት ሆኑ፤ ከባለንብረትነቱም ጋር ዕዳው አብሮ መጣ።

ዕዳው በሕግ የተጻፈው ቀደም ብሎ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ደነገገ። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግም የመድን ውል የሚመራበትን ደንብ አስቀመጠ። ይሁን እንጂ ኃላፊነቱ ግዴታ ሲሆን መድኑ በፈቃድ ብቻ የሚገባ ሆኖ አርባ ስምንት ዓመት ተቆጠረ። እንግሊዝ የሦስተኛ ወገንን መድን እ.ኤ.አ. በ1930 በሕግ ስታስገድድ፣ በኢትዮጵያ ይህ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው። በእነዚያ ዓመታት ባለንብረቱ ድኻ ከሆነ፣ ተጎጂው የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ሕጉ እንዲህ መዘግየቱ የሚያስመሰግን አይደለም።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተሻሽሎ የወጣው ሕግ ለሞት የሚከፈለውን ካሣ እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ እስከ 2,000 ብር ወስኖ ነበር። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት የመድን ፈንድ ተመድቧል። ከዚህ ላይ ለባለሞተሩ ሁለት ነገር ግልጽ መሆን አለበት። አንደኛ፣ ይህ መድን ነጂውን ራሱን አይክስም፤ እግሩ ቢሰበር ማሳከሚያው ከኪሱ ነው። ሁለተኛ፣ አዋጁ ያስቀመጠው ጣሪያ የመድን ሰጪው ጣሪያ እንጂ የባለንብረቱ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ከዚያ በላይ ቢፈርድ ትርፉ የሚፈለገው ከባለንብረቱ ነው። ስለዚህ በጊዜው የሚሠራበትን ጣሪያ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ጠይቆ ማወቅ ያስፈልጋል።

የግዴታው መድን ዓረቦን በመንግሥት ተመን የሚቆረጥ በመሆኑ ከኩባንያ ኩባንያ እየዞሩ ርካሽ መፈለግ ድካም ብቻ ነው። ምርጫም ቁጠባም የሚገኘው በፈቃድ በሚጨመረው ሽፋን ነው። ከአደጋው ላይ ባለንብረቱ ራሱ የሚሸፍነውን ድርሻ ከፍ አድርጎ የሚዋዋል ሰው ዓረቦኑ ይቀልለታል፤ ካሣ ሳይጠይቅ ለከረመም ኩባንያዎች በእድሳት ጊዜ ቅናሽ ያደርጋሉ። በመሆኑም የተሰበረ መስተዋትና የተጣመመ መሪ ይዞ ወደ ደሴ ቅርንጫፍ ከመሮጥ፣ የጥገናውን ዋጋ ከሚቀረው ቅናሽ ጋር ማስተያየት ይሻላል።

ቁጠባ መስሎ ኪሳራ የሚሆነው ሌላ ነው። ሞተሩ ሰው በክፍያ እያመላለሰ «ለግል አገልግሎት» ብሎ ማስመዝገብ ዓረቦኑን ያሳንሳል፤ ነገር ግን የንግድ ሕጉ አውቆ እውነቱን የደበቀ ሰው ውል እንዳይጸና ስለሚያደርግ፣ አደጋው በደረሰ ቀን የተቆጠበው ጥቂት መቶ ብር ሙሉውን ካሣ ይዞ ይሄዳል። የሞተሩን ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብም እንደዚሁ ነው። 200,000 ብር የሚያወጣ ሞተር በ100,000 ብር መድን ቢገባና የ40,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ሕጉ ባለንብረቱን የግማሹ መድን ሰጪ አድርጎ ስለሚቆጥረው የሚከፈለው 20,000 ብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሞተር ዋጋ ስለ ናረ፣ በአሮጌ ዋጋ የታደሰ ውል ሁሉ፣ ማንም ሳይዋሽ፣ በዚህ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ጦርነትና ሁከት የሚያደርሱት ጉዳትም በተለመደው ውል አይሸፈንም፤ ለብቻው ተከፍሎበት ይጨመራል። ወሎ ባሳለፋቸው ዓመታት ይህን አንቀጽ ሳያነብ የፈረመ ሰው የዋህ ነው።

የሁሉም ከባዱ ግን በሽማግሌ ፊት የሚደርሰው ነው። በተለመደው የተሽከርካሪ መድን ውል መሠረት መድን ገቢው ኩባንያው በጽሑፍ ሳይፈቅድ ጥፋቱን ማመን፣ ካሣ ለመክፈል ቃል መግባትም ሆነ መክፈል አይችልም። የአገሩ ሥርዓት ደግሞ የሚጠይቀው በትክክል ይህንኑ ነው። የሟች ወገን በተሰበሰበበት «ኩባንያዬን ልጠይቅ» የሚል ነጂ በደም ላይ የሚቀልድ ይመስላል፤ አምኖ ቢታረቅ ደግሞ የመድን መብቱን አሳልፎ እስከ መስጠት ሊያደርሰው ይችላል። በዚህ ረገድ ጥፋቱ የሽማግሌዎቹ አይደለም። ውሉ የተቀረጸው አበጋር በሌለበት አገር ነው፤ ኩባንያዎቹም ሲዋሱት የአገሩን ወግ አላሰቡበትም። በእርቁ ሸንጎ ወኪላቸውን ማስቀመጥ ሳይችሉ ውሉ ፈረሰ ማለታቸው የሚያስወቅሳቸው ነው።

ይህ እስኪስተካከል ድረስ አስተዋይ ባለሞተር የሚሄድበት መንገድ አለ። አደጋው እንደ ደረሰ በመጀመሪያ ለፖሊስ ያስታውቃል፤ የቦታው ንድፍ እንዲነሣም ያደርጋል። በዚያው ቀን ለኩባንያው ስልክ ደውሎ በጽሑፍ ይከተለዋል። ሽማግሌ ሲላክበት ይሄዳል፤ ለቅሶ ይደርሳል፤ ቅሬውም አብሮት ይቀመጣል። ስለ ጥፋቱና ስለ ካሣው መጠን የሚነገረው ቃል ግን የኩባንያው ደብዳቤ እስኪመጣ ይቆያል፤ ሽማግሌዎቹም ቀጠሮውን እስከዚያ እንዲያራዝሙ በቅድሚያ ይለመናሉ።