ናናን ያለ አፈር አብቅሎ ዘይቱን ማውጣት፤ ለጎንደር ያዋጣ ይሆን?

ሃይድሮፖኒክስ የሚባለው፣ ተክልን ያለ አፈር ማዕድን በሟሟበት ውኃ የማሳደግ ዘዴ፣ የእርሻ መሬት ለሌለው ከተሜ ባለሀብት አጓጊ ነው። ናናም ለዘዴው ከሚስማሙት ተክሎች አንዱ ነው። ለመሆኑ ጎንደር ከተማ ውስጥ በፕላስቲክ ቤት ናና አልምቶ መዓዛማ ዘይቱን መሸጥ ያዋጣል? ስሌቱን አብረን እንየው።

ማብቀሉ ከባድ አይደለም። የተቆረጠ የናና ቅርንጫፍ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ በሁለት ሳምንት ገደማ ሥር ያወጣል። ከዚያ በኋላ የውኃው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው መጠን መቆየት አለበት፤ ሥሩ አየር እንዳያጣም ፓምፕ ያስፈልጋል። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ሥሩ ይታፈናል።

ችግሩ የሚጀምረው ዘይቱ ላይ ነው። አወጣጡ ከአረቄ ብዙም አይለይም። እንፋሎት በቅጠሉ መካከል አልፎ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ውኃ በተከበበ ቱቦ ውስጥ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ ዘይቱም ከውኃው በላይ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ከ100 ኪሎ ግራም እርጥብ ናና የሚገኘው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ 1 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም። በዓለም ገበያ ደግሞ ሕንድ አለች። የኡታር ፕራዴሽ ገበሬዎች የጃፓን ናና የሚባለውን ዝርያ በሰፊ ማሳ ያመርታሉ። በፓምፕና በተገዛ ማዳበሪያ የበቀለ ቅጠል በዋጋ ከዚህ ጋር መወዳደር ይቸግረዋል።

ሌላው የብርሃን ጉዳይ ነው። ፔፐርሚንት የሚባለው ዝርያ ጥሩ ዘይት የሚሰጠው ቀኑ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲረዝም ነው። ጎንደር ላይ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። ቀን ሲያጥር ሜንቶፉራን የሚባለው የዘይቱን ጥራት የሚቀንስ ንጥረ ነገር ይበዛል። ጉድለቱን በአምፖል መሙላት ይቻላል፤ ወጪው ግን በዚያው ልክ ያድጋል። ውኃውም ቢሆን አሳሳቢ ነው። ዘዴው ከማሳ መስኖ ያነሰ ውኃ ቢፈልግም፣ የማንጠሪያው ማቀዝቀዣ ብዙ ይወስዳል። የአንገረብ ግድብ በደለል በመሞላቱ ለዓመታት በውኃ እጥረት ለተቸገረች ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንደ እኔ እምነት የውኃው ዘዴ የሚጠቅመው ለዘይት ሳይሆን ለችግኝ ነው። ፔፐርሚንት ዲቃላ በመሆኑ ከዘር አይባዛም፤ የሚባዛው በቁራጭ ነው። ንጹሕ ችግኝ ከተማ ውስጥ አባዝቶ ለገበሬ ማቅረብ ይቻላል። በናናና በጠጅ ሳር ላይ ለዓመታት የሠራው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ልምድም አለ።

ከሁሉም በላይ ግን በዳባት፣ በደባርቅና በሰሜን ተራሮች ደጋ ጦስኝ አለልን። ጦስኝ የናና ቤተሰብ ነው። በዘይቱ ውስጥ ጀርም የሚገድሉት ቲሞልና ካርቫክሮል ይገኛሉ፤ የደጋውን ብርድም ይችላል። በሻይና በቅመምነት የምናውቀው ይህ ተክል አሁንም በብዛት ከዱር ይለቀማል፤ ከነሥሩ የተነቀለው ደግሞ ተመልሶ አያቆጠቁጥም። ገንዘቡን በጦስኝ ችግኝ ላይ የሚያውል ባለሀብት ከሕንድ ናና ጋር ሳይጋፋ ይሠራል፤ ለቃሚውም ከዱር መንቀሉን ትቶ ከማሳው ማጨድ ይችላል።