በመንበረ ጸባዖት ዐጸድ ያረፉ ሰዎች ዜና

በአዲስ አበባ፣ በአራት ኪሎ ያለው የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተጀመረ። ጠላት ጣሊያን በገባ ጊዜ ሥራው ተቋረጠ፤ ንጉሡ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ከተመለሱ በኋላም ተፈጸመ። አራቱ ወንጌላውያን በድንጋይ ተቀርጸው ከፊቱ ቆሙ፤ ዐጸዱም የአርበኞች ማረፊያ ሆነ።

በ1953 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ እንግሊዛዊቱ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ዐረፉ። ሮም አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ በለንደን ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ አቁመው ሃያ ዓመት የተሟገቱ ናቸው። ካህናቱም ወለተ ክርስቶስ ብለው ሰይመው ከአርበኞቹ መካከል ቀበሯቸው። ለባዕድ ይህ ክብር በዛ የሚል ቢኖር ያን ጋዜጣ ገልጦ ይይ። ልጃቸው ሪቻርድም በ2009 ዓ.ም. በዚያው ዐጸድ ተቀበሩ።

በ1954 ዓ.ም. እቴጌ መነን ዐርፈው በካቴድራሉ ተቀበሩ። የባለቤታቸው የንጉሡ ቀብር ግን ብዙ ዘገየ።

በ1967 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ ኅዳር 14 ሌሊት፣ ወታደራዊው መንግሥት ደርግ ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ራስ አስራተ ካሳም ከእነርሱ ጋር ነበሩ። በከርቸሌ እስር ቤትም በአንድ ጉድጓድ ተጣሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 21 ቀን ንጉሡ ሞቱ፤ አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተሰወረ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የሹማምንቱ አፅም ወጥቶ በሥላሴ ዐጸድ ዐረፈ። ሎሌ ጌታውን ቀደመ ማለት ነው። የንጉሡ አፅም በ1984 ዓ.ም. ቢገኝም በበአታ ማርያም ስምንት ዓመት ያህል ቆየ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ዘውድ ከጫኑ 70 ዓመት ከ3 ቀን በሆነ ጊዜ፣ ያረጁ አርበኞች ጎፈር ደፍተው ሸኟቸው፤ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስም ጸለዩላቸው። ከእቴጌም ጎን ተቀበሩ። መንግሥት ግን ለመሪ የሚገባውን ሥርዐት አላደረገም።

በ2004 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ አቡነ ጳውሎስ ነሐሴ 10 ቀን ዐረፉ። በአራተኛው ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሞቱ። ፓትርያርኩ ነሐሴ 17፣ መለስ ነሐሴ 27 በሥላሴ ተቀበሩ፤ ለንጉሡ የተነፈገው የመንግሥት ሥርዐት ለመለስ ተደረገ፤ የአፍሪካ መሪዎችም መጥተው ቆሙ።