በቤት የሚሠራ የሬዲዮ አንቴና፦ ከሐዋሳ አንጻር የብረታ ብረት ምርጫ

በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ሥርጭት ሲጀምር፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሐዋሳ ከተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ የሬዲዮ የትምህርት መሣሪያነት ይበልጥ ጎላ። ይሁን እንጂ ድምፁ በጩኸት ሲዋጥ ትምህርቱም አብሮ ይዋጣል፤ መፍትሔውም ከቤት ውጭ ሽቦ መዘርጋት ነው።

ለዚህ የትኛው ብረት ይመረጥ? መዳብ ኤሌክትሪክን በማስተላለፍ ከብር ቀጥሎ ይገኛል። አሉሚኒየም የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ያስተላልፋል፤ ክብደቱ ግን ለእኩል ይዘት ከሲሶው አይበልጥም። ስለዚህ ለረጅም ሽቦ መዳብ፣ ለኤፍ ኤም አንቴና ዘንግ አሉሚኒየም ይመረጣሉ። ተራ ብረት የመዳብን አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ያስተላልፋል።

ሆኖም ለመቀበያ አንቴና ይህ ልዩነት የሚታሰበውን ያህል አይከብድም። በመካከለኛና በአጭር ሞገድ፣ በሽቦው ከሚባክነው ኃይል ይልቅ ከከባቢ አየርና ከኤሌክትሪክ መሥመር የሚመጣው ጩኸት ይጎዳልና። ወሳኞቹ የሽቦው ርዝመት፣ ከፍታውና የመጋጠሚያው ንጽሕና ናቸው። እንደ ሐዋሳ ባለ የሐይቅ ዳር ከተማ እርጥበት ብረትን ያዝጋል፤ መዳብና አሉሚኒየም በቀጥታ ሲጋጠሙም አሉሚኒየሙ ይበላል።

እንግዲህ መዳብ ታጣ ተብሎ ትምህርት አይቋረጥ። ዚንክ የተቀባ ሽቦም ከቆርቆሮ ጣሪያና ከኤሌክትሪክ መሥመር ርቆ ቢሰቀል ያገለግላል፤ ዝናብና መብረቅ ሳይቃረብ ግን ከሬዲዮው ይነቀል። የትምህርት መሣሪያ ዕቅድ አውጪዎችም ከሬዲዮው ዋጋ ጎን ጥቂት ሜትር ሽቦ ያስቡ።