ዞማና ከርዳዳ፦ ጸጉርና የሴቶች ክብር በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በአማርኛ የሴትን ጸጉር የሚያወድሰው ቃል «ዞማ» ነው። ረጅም፣ ለስላሳና ወደ ትከሻ የሚወርድ ጸጉር በዚህ ቃል ይሞገሳል። የተጠቀለለውና የጠነከረው ጸጉር «ከርዳዳ» ሲባል ግን ቃሉ ከገለጻ አልፎ ነቀፋ ይሆናል። ስለዚህም ብዙ ልጃገረዶች ፊደል ሳይቆጥሩ ጸጉራቸው ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ያውቃሉ። የዚህን ፍርድ አመጣጥ ለመመርመር አዳማና በስምጥ ሸለቆ የተሰለፉት ከተሞች የተመቹ ናቸው፤ ይኸውም ልዩ ልዩ ሕዝብ የየራሱን የጸጉር ሥርዐት ይዞ የተገናኘባቸው በመሆናቸው ነው።

በቀድሞው ሥርዐት ጸጉር ከጌጥነቱ በፊት የዕድሜና የማዕረግ ምልክት ነበር። በደጋው አገር ልጃገረድ መሐል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን በማስቀረት ጋሜ ትሆናለች፤ ስታገባ ሹሩባ ትሠራለች፤ ከባድ ሐዘን ሲደርስባትም ትላጫለች። በኦሮሞ ዘንድ ያላገባች ልጃገረድ «ቀሬ» መባሏ ከአናቷ አላጫጭ ጋር የተያያዘ ነው። በመተሐራና በፈንታሌ አካባቢ በሚኖሩት ከረዩዎች ዘንድም የጎልማሶች ጎፈሬ ከገዳ ሥርዐት ጋር ይገናኛል። ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር ተዋሕዶ ጸጉርን ያሸታል፤ በቆላው ደረቅ አየርም ጸጉሩ እንዳይሰባበር ይረዳል። በዚህ ሥርዐት ዋናው ጉዳይ የጸጉሩ ርዝመት ሳይሆን አያያዙ ነበር። የተጠቀለለ ጸጉር ሹሩባን አጽንቶ ስለሚይዝ ከርዳዳነት ለሠሪዋ እንቅፋት ሳይሆን አጋዥ ነው።

ይህ ሲባል ግን ዞማን ማወደስ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ ልማድ ነው ማለት አይደለም። በባርነት ዘመን የቆዳ ቀለም፣ የአፍንጫ ቅርጽና የጸጉር ዐይነት የሰውን የዘር ደረጃ መለያ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ቢሻርም፣ ዐዋጁ ቃላቱንና ዐይኑን ሊሽር አልቻለም። «ኢትዮጵያ በቅኝ ግዛት ስላልተያዘች እንዲህ ያለ የመንፈስ ቊስል አይነካትም» የሚለው አስተያየት በዚህ ረገድ ጎደሎ ነው።

የጅቡቲው የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በሐዲዱ መሥመር ላይ ያለችው አዳማ በንግድ አደገች፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ናዝሬት ተብላ ኋላ ወደ ጥንት ስሟ ተመለሰች። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ብዙ ሠራተኞች መጡ። በከተማ ኑሮ የጋሜና የሹሩባ ትርጒም ለጎረቤት ሁሉ ግልጽ መሆኑ ቀረ፤ በምትኩ የጸጉር ቤት ልማድ ተስፋፋ። የሥራው ቃላት ራሳቸው የመጡበትን በር ያመለክታሉ፦ «ካስክ»፣ «ቢጉዲን»ና «ፔስትራ» ከፈረንሳይኛና ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። በዚህም ጸጉር የኑሮ ምዕራፍ ምልክትነቱ እየቀነሰ፣ በገንዘብ የሚለሰልስና በፋሽን የሚመዘን ነገር ሆነ።

በዚሁ ጊዜ በአሜሪካ ያሉ ጥቁር ሴቶች ተመሳሳይ መንገድ ቀደም ብለው ተጉዘዋል። እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1919 የኖረችው ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር በጸጉር ቅባት ንግድ ከበለጸጉት መካከል ስሟ የታወቀ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሥነ ልቡና ሊቃውንቱ ኬኔትና ሜሚ ክላርክ ለጥቁር ሕፃናት ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት አቅርበው ሲጠይቁ፣ አብዛኞቹ ነጩን መረጡ። ሕፃናቱ ራሳቸውን ለመናቅ ማንም መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግን «ጥቁር ውብ ነው» የሚለው መፈክር ተነሣና ያልተለሰለሰ ጸጉር የክብር ዐርማ ሆነ። ይኸው አበጣጠር በ1960ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከተሞች «አፍሮ» ተብሎ በወጣቶች ዘንድ ታየ። ስሙ በአማርኛ ጆሮ የኀፍረት ቃል ቢመስልም፣ ትርጒሙ ላለማፈር መቊረጥ ነበር።

ሁለቱ ታሪኮች ፊት ለፊት የተገናኙት በሻሸመኔ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአፍሪካ ዳያስፖራ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች በዚያ መሬት ሰጥተው ነበር። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላም ራስ ተፈሪያውያን ወደዚያ መምጣታቸው እየበረታ ሄደ። እነዚህ ሰዎች ጸጉራቸውን ሳይቈርጡና ሳያበጥሩ ማሳደጋቸውን በኦሪት ዘኍልቊ ምዕራፍ 6 ካለው የናዝራዊ ስእለት ጋር ያያይዙታል፤ ሴቶቻቸውም ረጅሙን ድሬድ ዘወትር በሻሽ ይሸፍኑታል። ለአካባቢው ሰው እንዲህ የተቋጠረ ጸጉር የባሕታዊ፣ ካልሆነም ራሱን የጣለ ሰው ምልክት ነበር። ከባርነት አገር የመጣችው ሴት በኢትዮጵያ ምድር ጸጉሯን እንደ ተፈጥሮዋ ለመልቀቅ ስትመኝ፣ የኢትዮጵያ ከተሞች ሴቶች ግን የራሳቸውን በጋለ ብረት ያቃኑ ነበር።

ዛሬ በአዳማ፣ በሞጆም ሆነ በባቱ ሹሩባ፣ ሰው ሠራሽ ጸጉር፣ ማለስለሻና ተፈጥሯዊ ጸጉር ጎን ለጎን ይታያሉ። ምርጫው የሴቲቱ ነው፤ ነገር ግን ምርጫ የሚባለው ሁሉም መንገድ እኩል ሲከበር ነው። በአልካሊ የተሠራ ማለስለሻ የራስ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል፤ እጅግ ጠብቆ የተሠራ ሹሩባም የግንባርን ጸጉር ይነቅላል። ስለሆነም አዲሱን ሁሉ መኰነንም ሆነ ነባሩን ሁሉ ማወደስ ለጤና አይበጅም።

የጸጉር ቅርጽ የሚወሰነው በሥሩ አፈጣጠር ነው፤ ከአእምሮ፣ ከምግባርም ሆነ ከዘር ክብር ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር የለም። ይህን እውነት በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ማስረዳት ቀላል ነው። የሚከብደው በዕረፍት ሰዓት አንዲት ተማሪ «ከርዳዳ» ተብላ ስትሰደብ አለማለፍ ነው። መምህር ያን ጊዜ ዝም ካለ፣ ዐዋጅ ያልሻረውን ፍርድ እርሱም አጸደቀው ማለት ነው።