«ቴክ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ታሪክ

እንግሊዝኛ የጀመረ ተማሪ ሁሉ «ቴክ» ከሚለው ግሥ ጋር ሳይታገል አያልፍም። ትርጕሙ «ወሰደ» ነው ተብሎ ይማራል፤ ነገር ግን በዚሁ በአንዱ ግሥ እንግሊዛዊው መድኃኒት ይውጣል፥ አውቶቡስ ይሳፈራል፥ ፎቶግራፍ ያነሣል፥ ምክር ይቀበላል፥ ይፈተናልም። (በእኛም ዘንድ ዛሬ «ፈተና ወሰደ» የሚል አልጠፋም፤ ጥሩው አማርኛ ግን «ተፈተነ» ነው።) ይህን ያህል ሥራ የተሸከመ ቃል የቋንቋው የጥንት ልጅ ይመስላል። ሆኖም «ቴክ» በትውልዱ ባዕድ ነው።

ጥንታዊው እንግሊዝኛ ለመውሰድ «ኒማን» የሚባል የራሱ ግሥ ነበረው፤ ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ኔመን» የሚሉት የዚሁ ዘመድ ነው። በ865 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ታላቁ የዴኖች ጦር በምሥራቅ እንግሊዝ አገር ሰፈረ። በ878 ንጉሥ አልፍሬድ በኤዲንግተን ድል ቢያደርገውም፥ ከሰሜኑና ከምሥራቁ ብዙው ክፍል በዴኖች እጅ ቀረ። በ1016ም ዴናዊው ክኑት በእንግሊዝ ሁሉ ላይ ነገሠ። «ታካ» የሚለው የኖርስ ግሥ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው።

«ወራሪው ቃሉን ጫነ» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቀላል፤ ለእኔ ግን ይህ አጥጋቢ አይመስለኝም። በ1066 የመጡት ኖርማኖችም ድል አድራጊዎች ነበሩ፤ ዳሩ ግን ከእነርሱ ፈረንሳይኛ የተወረሰው ቃል በብዛት የቤተ መንግሥት፥ የፍርድ ቤትና የመኳንንት ማዕድ ቃል ነው። ዴኖች ከ«ቴክ» ጋር የተዉት «ጌት»ን (አገኘን)፥ «ኤግ»ን (እንቍላልን)፥ «ዊንዶው»ን (መስኮትን) ነው። እንዲህ ያለው የጓዳ ቃል የሚገባው በገበያ፥ በእርሻ ጉርብትናና በጋብቻ ነው እንጂ በዐዋጅ አይደለም። ደግሞም ሁለቱ ቋንቋዎች የሥጋ ዘመዶች ስለ ነበሩ ጎረቤታሞቹ በመጠኑ ሳይግባቡ አልቀሩም። ዜና መዋዕሉ አብዝቶ የሚተርከው ጦርነቱንና ለዴኖች የተከፈለውን ግብር ነው፤ የአብሮ መኖሩን ታሪክ የያዘልን ግን ይህ ትንሽ ግሥ ነው።

«ኒማን» ወዲያው አልሞተም፤ ከእንግዳው ጋር ጎን ለጎን ብዙ ዘመን ኖረ። በ17ኛው መቶ ዓመት «ኒም» ሆኖ ብናገኘው ትርጕሙ ወርዶ «ሰረቀ» ሆኗል። ዛሬ በሁሉ አፍ ካሉት ትራፊዎቹ አንዱ «ነም» የሚለው ቅጽል ነው፤ ስሜቱ የተወሰደበት፥ የደነዘዘ ማለት ነው።