ከአቃቂ የፋብሪካ በር ውጭ የቀሩ አባቶች

የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከመግባቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915፣ አቃቂ ደረሰ። ቀጥሎ የአባ ሳሙኤል ግድብ መብራት መስጠት ጀመረ፤ በኋላም ጨርቃ ጨርቁ፣ ቃጫውና ብረታ ብረቱ ተከታተለና አቃቂ ቃሊቲ የደመወዝተኛ ሰፈር ሆነ። የአገሪቱ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ከ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ጀምሮ የተቀረጸው በእንዲህ ያለው ሰፈር መልክ ነው፤ የሚያውቀው በጠዋት በፋብሪካ በር የሚገባውን፣ ወር ሲሞላ ፈርሞ ደመወዝ የሚቀበለውን ሰው ነው። የአባትነት ፈቃድም ዘግይቶ ሲመጣ ለዚሁ ሰው ብቻ መጣ።

መዘግየቱን አዋጆቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 ሠራተኛው ሲያገባ ሦስት የሥራ ቀን፣ የቅርብ ዘመድ ሲሞትበትም ሦስት ቀን ከነደመወዙ ይሰጠው ነበር። ሚስቱን ማርያም ስትምርለት ግን ለእሱ የተባለ ቀን አልነበረም። ለሠርጉና ለሐዘኑ የታሰበለት ሰው ልጁ ሲወለድ መረሳቱ ያሳዝናል። የመንግሥት ሠራተኛው በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1064 አሥር ቀን ተፈቀደለት፤ የግሉ ሠራተኛ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1156 ተከታታይ ሦስት ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አገኘ። ክፍያው የሚወጣው ከአሠሪው ኪስ ነው፤ ለወሊድ የቆመ የጋራ ፈንድ የለም። ስለዚህ አሠሪ የሌለው አባት የሚጠይቀው አካል የለውም። አዋጁም በአንቀጽ 3 በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት በዋጋ የሚሠራውን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። ቃሊቲ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይደው፣ በራሱ መኪና ጭነት የሚያመላልሰው፣ የሕንፃ ሥራ ቆርጦ የሚይዘው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። የ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ባለቤቱ ራሱ ሥራ አስኪያጅ ሲሆን ግን የሥራ መሪ ነውና የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እሱንም አይመለከተውም።

እንግሊዝ አገር ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2003 ወዲህ የራሱ ኩባንያ ደመወዝተኛ የሆነ አባት እንደማንኛውም ሠራተኛ ይቆጠራል፤ ኩባንያው የሁለት ሳምንት ክፍያ ይሰጠውና ከመንግሥት ያወራርዳል። ያለ ኩባንያ በግሉ የሚሠራው እዚያም አያገኝም፤ መብት ከደመወዝ መዝገብ ጋር ሲታሰር የሚያስከትለው ጉድለት የእኛ ብቻ አይደለም።

በግሉ የሚሠራ ሰው ጊዜው በእጁ ነው፣ ፈቃድ ምን ያደርግለታል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ውል የማስረከቢያ ቀንና የመዘግየት ቅጣት አለው፤ ያልተሠራበት ቀንም ገቢ የለውም። የአራስ ቤት የሴቶች ነው የሚለው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል፤ ገንፎውንም አራሷንም የያዙት እናትና ጎረቤት ነበሩና። ሆኖም ያ ልማድ የቆመው ዘመድ በቅርብ ሲኖር ነው። አቃቂን የሞላው ከየክፍለ ሀገሩ ለሥራ የመጣ ሰው ነው፤ እናቷ ሩቅ አገር ላለች አራስ ከባሏ ሌላ ማን አላት? ድሃ አገር ይህን አትችልም ለሚለውም መልሱ በጡረታው ታሪክ ውስጥ አለ። ጡረታ ለብዙ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዘረጋው፤ ዛሬ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ። በዚሁ መንገድ ለወሊድ አነስተኛ መዋጮ ቢለይና በግሉ የሚሠራውም ግብሩን ሲከፍል ድርሻውን ቢጨምር፣ የቃሊቲው በያጅ ልጁ ሲወለድ ክፍያውን ከፈንዱ ይጠይቃል።