አማካሪ ጉባኤ፦ በቤትና በአካታችነት ጉዳይ የሚመክር የአካባቢ አካል

አማካሪ ጉባኤ ማለት አንድ የአካባቢ አስተዳደር ከመወሰኑ በፊት ሐሳብ እንዲያቀርብለት ከነዋሪዎች፣ ከባለሙያዎችና ጉዳዩ በቀጥታ ከሚነካቸው ሰዎች የሚያቋቁመው ቋሚ አካል ነው። በእንግሊዝኛ «አድቫይዘሪ ቦርድ» ይባላል፤ «አማካሪ ቦርድ» ብለው የሚጽፉም አሉ። በኢትዮጵያ ግን «ቦርድ» ሲባል ድርጅት የሚመራ፣ ሥራ አስኪያጅ የሚሾምና የሚሽር አካል ይታሰባል። የመወሰን ሥልጣን ለሌለው አካል «ጉባኤ» የተሻለ ይስማማዋል።

ጉባኤው ከወረዳ ምክር ቤት ይለያል። ምክር ቤቱ በሕዝብ ይመረጣል፣ በጀትም ያጸድቃል። ከአቤቱታ ሰሚም ይለያል፤ አቤቱታ የሚቀርበው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው። የመሬት ማስለቀቅ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋሙ ያዛል። ይኸው አዋጅ ባለይዞታዎች ቦታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲመከሩም ይደነግጋል። ምክክሩ ግን ከአንድ ፕሮጀክት ጋር ተጀምሮ ከፕሮጀክቱ ጋር ያበቃል፤ የሚጠራውም ባለይዞታው ነው። በግቢው ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ዓመታት የኖረ ሰው ባለይዞታ አይደለም። የአማካሪ ጉባኤ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ በካርታ ላይ ስማቸው የሌለ ሰዎች ነገሩ ሳይቆረጥ የሚናገሩበት ወንበር ይሰጣል።

ጉባኤው የሚመክርበት የመጀመሪያ ጉዳይ አቅምን ያገናዘበ ቤት ነው። በብዙ አገሮች አንድ ቤተሰብ ለቤት የሚያወጣው ከገቢው 30 በመቶ ካልበለጠ ቤቱ ከአቅሙ ጋር ይመጣጠናል ይባላል። ገቢው በቀን ሥራ ለሚገኝ፣ ክረምት ሲገባ ለሚሳሳ ሰው ይህ መለኪያ እምብዛም አይረዳም። አዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. የቤት ፈላጊዎችን ምዝገባ ስታካሂድ ሌላ መንገድ ተከትላ ነበር። ወርሃዊ ገቢያቸው ከ1,200 ብር የማይበልጥ ሰዎች የተመዘገቡት 10/90 በተባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ በየወሩ 187 ብር እየቆጠቡ የቤቱን ዋጋ 10 በመቶ ካዋጡ በኋላ ቀሪውን በባንክ ብድር እንዲከፍሉ ታስቦ ነበር። ከፍ ያለ ገቢ ላላቸው 20/80 እና 40/60 ነበሩ። አከፋፈሉ ቁጠባን የሚያስተምር መሆኑ ባይካድም፣ አቅምን የሚለካው በምዝገባው ቀን ነው። ዕጣው እስኪወጣ በግል ቤት ተከራይቶ የሚጠብቅ ቆጣቢ ኪራይም ቁጠባም ይከፍላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። አዋጁ በየሰፈሩ ምን ያህል እንደሚሠራ፣ አከራዩና ተከራዩ በቃል ተስማምተው ምን ያህሉን እንደሚያልፉት ከማንም በፊት የሚያውቁት ነዋሪዎቹ ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ አካታችነት ነው፤ ማንም በድህነቱ፣ በአካል ጉዳቱ፣ በሕመሙ ወይም በመጣበት አካባቢ ከሰፈር ኑሮ እንዳይገለል ማድረግ ማለት ነው። ኮልፌ ቀራኒዮ ለዚህ ጉዳይ ብዙ የሚናገር የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ428 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ነበሩት። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በሚጠራው ሰፈር፣ በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ዙሪያ፣ ለሥጋ ደዌ ሕክምና መጥተው ከዳኑ በኋላም አገር ቤት መመለስ ያልቻሉ ሰዎች ሰፈሩ። ያገዳቸው በሽታው ሳይሆን የዘመድ አዝማድ ፊት ነበር። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ረጲ ላይ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ሲውጥ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከክምሩ ሥር ሰው የሰፈረው አደጋውን ሳያይ ቀርቶ አይደለም። ኪራይ የሚረክሰው እዚያ ነበር፤ የዕለት ጉርሱን ከቆሻሻው ለቅሞ የሚያገኝ ሰውም ጥቂት አልነበረም። ሰውን ከዚያ አንስቶ ራቅ ባለ ዳርቻ ቤት መስጠት ጣሪያ ይሰጠዋል፤ ሥራውን፣ ዕድሩንና የልጁን ትምህርት ቤት ግን ሊነጥቀው ይችላል።

አካል ጉዳተኞችም ተመሳሳይ ጥያቄ አላቸው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የአካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች ምቹ ሁኔታ እንዲዘጋጅ አዟል፤ በኮንዶሚኒየም ዕጣም ለእነርሱ 5 በመቶ፣ ለሴቶች 30 በመቶ ድርሻ ተይዟል። ድርሻው የቤቱን ቁልፍ ያስገኛል እንጂ ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለውን ኮረኮንች አያስተካክልም። ሊፍት በሌለው ባለ አራት ፎቅ ብሎክ ውስጥ የነዋሪዎች ስብሰባ የት ይደረግ የሚለው ጥያቄ እንኳ ክራንች ለሚጠቀም ሰው ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለው ነገር በቢሮ ዕቅድ ላይ አይታይም።

ነዋሪን በከተማ አስተዳደር ማሳተፍ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም፤ የተሳተፈው ማን እንደነበረ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ለአዲስ አበባና ለጎንደር ምክር ቤት ሲሰጥ፣ ከነዋሪው የሚመረጡት ንብረት ያላቸው ሰዎች ነበሩ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ነገሩን ገለበጠው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌው ተቋቋሙ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችም በእነርሱ እጅ ገቡ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ቀበሌው ግን ተከራዩን ሊወክል ተቋቁሞ ራሱ አከራይ ሆነ፤ ብዙ ሳይቆይም የመንግሥት ክንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ቤት የሚያድልና ነዋሪን ወክሎ የሚናገር አካል አንድ ሲሆን ተከራዩ አቤት የሚልበት ያጣል። ከታሪኩ ለአማካሪ ጉባኤ የሚጠቅመው ዋናው ነጥብ ይህ ነው።

በአንዳንድ አገሮች የሚወስነው አካልና ነዋሪን ወክሎ የሚናገረው አካል እንዲለያዩ ተደርጓል። የደቡብ አፍሪካ የ1998 እ.ኤ.አ. የማዘጋጃ ቤቶች አደረጃጀት ሕግ በየቀጠናው በምክር ቤት አባል የሚመራና ከ10 የማይበልጡ ነዋሪዎችን የያዘ ኮሚቴ እንዲኖር ይፈቅዳል፤ ኮሚቴው ሐሳብ ያቀርባል፣ የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ደግሞ ለቤት ልማት የግዛቱን ገንዘብ የሚያገኙ ከተሞችና አውራጃዎች የቤት አማካሪ ኮሚቴ ያቋቁማሉ። በአባልነት ከሚታሰቡት መካከል ቤት ገንቢ፣ የባንክ ሰው፣ የሠራተኞች ወኪልና ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የሚሟገት ሰው ይገኛሉ። ኮሚቴው የአካባቢው ደንብ የቤትን ዋጋ የት ላይ እንደሚያንረው መርምሮ ምክሩን በጽሑፍ ያቀርባል።

እንዲህ ያለ ጉባኤ በኮልፌ ቀራኒዮ ቢታሰብ መነሻ የሚሆኑ ማኅበራት ሞልተዋል። ዕድሮች አሉ፤ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበራትም አሉ። ሁለቱም ግን ጉድለት አላቸው። የሕንፃው ማኅበር የባለቤቶች ነው፤ በኮንዶሚኒየሙ ተከራይቶ የሚኖረው አባል አይደለም። ዕድርም ወርሃዊ መዋጮ የሚችለውን እንጂ በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይረውን እምብዛም አይዝም። ስለዚህ ለግል ተከራዮች፣ በቀበሌ ቤት በደባልነት ለሚኖሩና ለአካል ጉዳተኞች ወንበሩ ከመነሻው ተለይቶ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ሌላው ይቀመጥበታል።

አሠራሩ ላይ ሁለት ነገሮች ወሳኝ ናቸው። አስተዳደሩ ለቀረበለት ምክር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ መልስ መስጠት ይኖርበታል፤ ሲቀበል ምን እንደሚያደርግ፣ ሳይቀበል ሲቀር ለምን እንደተወው። መልስ የማይሰጠው ጉባኤ ሻይ ተጠጥቶ ቃለ ጉባኤ የሚፈረምበት ስብሰባ ይሆናል። ሌላው፣ ጉባኤው በቤት ዕደላም ሆነ በተጠቃሚዎች ምልመላ እጁን እንዳያስገባ መከልከሉ ነው። ስም ዝርዝር የሚያወጣ ከሆነ ደላላውም ባለጉዳዩም ደጁን ይጠናሉ፤ በ2014 ዓ.ም. የወጣው 14ኛው ዙር የኮንዶሚኒየም ዕጣ መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰርዞ እንደገና መውጣቱ በዝርዝር ዙሪያ ያለው ፈተና ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ያሳያል። አባላቱም ቤት ወይም ቦታ የሚያከራዩ ወይም የሚያሻሽጡ ከሆኑ አስቀድመው ያስታውቃሉ፤ የራሳቸው ጥቅም ያለበት ጉዳይ ሲነሳም ከውይይቱ ይወጣሉ።